ፊት መሣል የተዉት ሠዓሊ፦ ወይዘሮ ሴቪም ኦዝካን፣ ከኤስኪሼሂር እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ

ወይዘሮ ሴቪም ኦዝካን ከአባታቸው ከአቶ ሀሊል ኦዝካንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈሪዴ፣ በቱርክ አገር ኤስኪሼሂር በምትባል የባቡር ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው ብርቄ በሚለው ስማቸው ነው፤ ስሙን ማን እንዳወጣላቸው በቦታው እደርስበታለሁ።

ይህን የጻፍኩት የባለቤታቸው የአቶ ንጉሡ ወልደአምላክ ታናሽ ወንድም ልሳነወርቅ ነኝ። ቀብር ላይ በሚነበብ ወረቀት ሟች ሁሉ ከሰው ተግባቢ፣ ቂም የማያውቁ፣ ደግ ሆነው እንደሚገኙ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት እኔም ብዙ አጣጥፌ ኪሴ ከትቻለሁ። ወይዘሮ ሴቪም ግን መሸፋፈን አይወዱም ነበር። ስለዚህ በቤተሰባችን ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት የቆየውን ኩርፊያ ሳልዘለው እጽፋለሁ። ቅር የሚለው ካለ ከቀብር በኋላ ያነጋግረኝ።

አቶ ሀሊል በከተማዋ የባቡር መጠገኛ ውስጥ የፉርጎ ቀለም ቀቢ ነበሩ። የአሮጌውን ፉርጎ ጎን ውኃ እያስነኩ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቁታል፤ ሲፋቅ ከላይኛው ቡናማ ሥር አረንጓዴ ይወጣል፣ ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ ከጦርነቱ በፊት የተቀባው ቀይ። ከዚያ ስስ ቀለም ይቀባሉ፣ ያደርቃሉ፣ መልሰው ይፍቃሉ። ወይዘሮ ሴቪም በልጅነታቸው የአባታቸውን ምሳ ይዘው ሲሄዱ ፉርጎው ፊት ቆመው ይቀሩ ነበር፤ ምሳው ይቀዘቅዛል፣ አባትየውም ይቆጣሉ። «ሥዕል የተማርኩት ኢስታንቡል አይደለም፣ እዚያ ነው» የሚሉት ለቀልድ አልነበረም።

ኦርሃን የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም ነበራቸው። ሳቂታ፣ አንድ ቦታ የማይቀመጥ ልጅ ነበር። በአራት ዓመቱ በሳምባ ምች ሞተ። ከእሱ የቀረው አንድ ፎቶ ብቻ ሲሆን፣ በፎቶው ላይ የሰው ካፖርት ለብሶ፣ ፀሐይ ዓይኑን ወግቶት፣ ግንባሩን ቋጥሮ ይታያል። እናታቸው ፎቶውን በትልቁ አሳጥበው ሳሎን ሰቀሉት። ዓመታት ሲያልፉ ወይዘሮ ፈሪዴ «ልጄ እንዲህ ኮስታራ ነበር» ማለት ጀመሩ፤ ሳቁን ረሱት። ወይዘሮ ሴቪም ይህን ባነሡ ቁጥር የሚሉት ቃል አንድ ነበር፤ «ፎቶው ወንድሜን በላብኝ።» ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

በ1966 ኢስታንቡል ከሚገኝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። የሰው ፊት በመሣል የሚስተካከላቸው አልነበረም። የቤት ኪራያቸውን የሚከፍሉትም የሞቱ ሰዎችን ከጉርድ ፎቶ እያዩ ለቤተሰብ በመሣል ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት ወታደር ሆኖ የሞተ ልጃቸውን ሥዕል ተቀብለው «ከራሱ ከልጄ ይልቅ ይሄ ያምራል» አሏቸው። ወይዘሮ ሴቪም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ሰው ፊት ሥለው አልሰጡም። መምህራቸው እንደሚጥሏቸው ቢዝቱባቸውም፣ በ1971 እንደ አባታቸው ፉርጎ ቀለም የተደራረበባቸውና የተፋቁ ሰፋፊ ሸራዎች አቅርበው ተመረቁ። አንድ የከተማው ጋዜጠኛ ሥራቸውን «ያላለቀ ግድግዳ» ብሎ ጻፈባቸው። እሳቸው ጽሑፉን ቆርጠው ፍሬም አስገቡት፤ ስድብ መሆኑን ፈጽሞ አላመኑም።

በ1975 ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ዋሺንግተን መጡ። ወንድሜ ንጉሡም ከሁለት ዓመት በፊት ኢንጂነሪንግ ሊማሩ መጥተው፣ አገር ቤት መንግሥት ሲለወጥ የትምህርት ወጪያቸው ተቋርጦባቸው፣ ዲሲ ውስጥ ከመሬት በታች ባለ ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ወለሉ ላይ ተንበርክከው ከመኪና የፈሰሰ ዘይት በእርሳስ ሲገለብጡ አገኟቸው። ኢንሹራንስ የላካቸው መስሏቸው ሮጠው ሄዱና «ሌዲ፣ ኢት ኢዝ ኖት አወር ፎልት» አሏቸው። ወይዘሮ ሴቪም ቀና ሳይሉ «አውቃለሁ፤ ግን ያምራል» ብለው መለሱ። ንጉሡ ይህን ታሪክ በየሠርጉ ሲያወሩት፣ ዘይቱ በየጊዜው እየሰፋ መጨረሻ ላይ ሐይቅ አክሎ ነበር።

በ1980 በሮክቪል ፍርድ ቤት ተጋብተው ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ያዙ። በ1982 ልጃቸው ሲራክ፣ በ1986 ልጃቸው ኤፍራታ ተወለዱ። በመካከሉ በ1984 የንጉሡና የእኔ እናት ወይዘሮ ሸዋዓለም ልጅ ሊያሳድጉ ከደብረ ብርሃን መጡ። ምራታቸው ቱርክ መሆናቸውን እዚህ ደርሰው ሲሰሙ ሦስት ቀን አኩርፈው እንደነበር ራሳቸው ይናገራሉ። በአራተኛው ቀን በአገራችን ወግ ለሙሽራዪቱ የቤት ስም አወጡላቸውና ብርቄ አሏቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት ሴት «ምራትዎ እስላም ናት አሉ፣ እውነት ነው?» ብትላቸው፣ እናታችን «እኔ የማውቀው የእኔ መሆኗን ነው» ብለው አፏን አስያዟት።

ሁለቱ ሴቶች ይዋደዱ ነበር። ይህን አስረግጬ የምጽፈው፣ በኋላ የሆነውን ብቻ የምታውቁ ስላላችሁ ነው። ወይዘሮ ሴቪም አማርኛ የተማሩት ከእናታችን በመሆኑ ሲናገሩ ፍጹም የደብረ ብርሃን ባልቴት ነበሩ፤ ስልክ አንሥተው «ምነው ጠፋህ፣ እኔ ልሙት!» ሲሉኝ ማን እንደሆኑ ግራ የተጋባሁበት ጊዜ አለ። እናታችን ደግሞ በወይን ቅጠል የሚጠቀለለውን የቱርክ ዶልማ ለመዱ። ሩዝና ሽንኩርት ብቻ ስለሆነ ለጾም ተገኘ ብለው ቤተ ክርስቲያን ይዘውት ይሄዱ ነበር፤ አሠራሩን የሚጠይቃቸው ሲመጣ ግን የሆነ ነገር ሳይናገሩ ያስቀራሉ።

ወይዘሮ ሴቪም በሞንትጎመሪ ካውንቲ በአንድ መካከለኛ ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሥዕል አስተምረዋል። ቅዳሜና እሑድ፣ ክረምቱን ደግሞ ሙሉውን፣ አሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር በአንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ በተከራዩት ስቱዲዮ ይውሉ ነበር። ሸራውን መሬት ላይ አንጥፈው ስስ ቀለም ይቀባሉ፣ ሲደርቅ ይፍቃሉ፣ እንደገና ይቀባሉ። አንድ ሥዕል ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሲያልቅም ምንም አይመስልም። እንዲህ በማለቴ አይቆጡኝም፤ «ምን ይመስላል?» ለሚላቸው «ምንም አይመስልም፣ ራሱን ነው» የሚሉት ራሳቸው ነበሩ።

የእኛ ሰው ደግሞ ሠዓሊ ናቸው ከተባለ ለቀቅ አያደርግም። አንዱ የሠርጉን ፎቶ ሣዪልኝ ይላል፣ አንዷ ገብርኤልን ሣዪልኝ ትላለች። አቶ ዘገዬ ሬስቶራንታቸውን ሲከፍቱ ግድግዳው ላይ ጢስ ዓባይን እንዲሥሉላቸው ለመኗቸው። ወይዘሮ ሴቪም ሁለት ወር ሠርተው ነጭና ግራጫ ቀለም ከላይ እስከ ታች ለቀቁበት። አቶ ዘገዬ ሰው እንዳይታዘባቸው ፊት ለፊቱ የለስላሳ ፍሪጅ አቆሙ። ወይዘሮ ሴቪም ስቀው ተዉት፤ ሬስቶራንቱ እስኪዘጋ ድረስ ግን ሲሄዱ ፍሪጁ አጠገብ ካልሆነ አይቀመጡም ነበር።

ሲራክ የእናቱ ጉልበት ነበር። ሸራ የሚሸከምላቸው፣ ቤልትዌይ ላይ ትራፊክ ውስጥ ተቀምጦ የሚሳደብላቸው፣ የአያቱንም መድኃኒት የሚያመላልሰው እሱ ነበር። አያቱ ጀርባቸው ላይ አዝለው ያሳደጉት የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ስለሆነ «የልጅ ልጄ» ሲሉት ሰምቼ አላውቅም፤ «ልጄ» ነው የሚሉት። በጥር 2012፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ባስኬት ቦል ሲጫወት ልቡ ቆመ። ከዚያ በፊት ታሞ አያውቅም።

በልቅሶው ጊዜ ከሥራ ባጁ ላይ የተወሰደው ፎቶ በትልቁ ታጥቦ ሳሎን ቆመ። እንደ ማንኛውም የባጅ ፎቶ የደረቀ ነው፤ ሲራክን የሚያውቅ ሰው አያውቀውም። እናታችን ፎቶው አላረካቸውም። ከአርባው በኋላ ምራታቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው «ብርቄ፣ እጅሽ ያውቃል። ለሙት ዓመቱ ልጄን ሥሪልኝ። ሌላ ምንም አልለምንሽም» አሏቸው። ወይዘሮ ሴቪም «እሺ፣ እማማ» አሉ። በሐዘን ቤት፣ ያውም ለወይዘሮ ሸዋዓለም፣ እምቢ አይባልም። ስለ ኦርሃን ፎቶ ያን ጊዜ ቢነግሯቸው ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤአለሁ። አልነገሯቸውም፤ ሐዘን ላይ ሐዘን መጨመር መሰላቸው።

በዚያ ዓመት መከር ላይ ስቱዲዮ ሄጄ ነበር። ስገባ ሲራክን በከሰል ተሥሎ ግድግዳው ላይ አገኘሁት። ቆሜ ቀረሁ። ከሌላኛው ከፍ የምትለው የግራ ቅንድቡ፣ ሊቀልድ ሲል የሚነክሳት ከንፈሩ፣ ሁሉም አለ። ወይዘሮ ሴቪም ጨርቅ አነሡና «የትኛውን ቀን ነው የምሰጣቸው፣ ልሳን? ሲቆጣ? ሲተኛ? አምስት ዓመት ሲሆነው? ይሄን ከሰጠኋቸው ከነገ ወዲያ የሚያስታውሱት ይሄን ብቻ ነው» ብለው ከግንባሩ ጀምረው ጠረጉት። ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚለውን ያን ቀን ተውኩት።

የሙት ዓመቱ ዕለት ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሥዕሉ ነጠላ ለብሶ ቀረበ፤ ንጉሡ ገለጡት። ቁመቱ በር ያህላል። ከሩቅ አመድማ ነው፤ ሲጠጉት ከአመዱ ሥር ቢጫ፣ ከቢጫው ሥር ደግሞ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ቀለም በየቦታው ብቅ ይላል። እናታችን በከዘራቸው ተነሥተው ሄዱ፤ ፊቱ ቆመው ላይ ታች እያሉ ረጅም ጊዜ ፈለጉ። ቶሎ አልፈረዱም። በመጨረሻ ዞር ብለው «ብርቄ፣ ልጄን የት አደረግሽው?» አሏቸው።

«እዚሁ ነው፣ እማማ። ሁሉም አለ። ሕፃንነቱም አለ» አሉ ወይዘሮ ሴቪም።

«ልጅ ለምኜሽ ግድግዳ አመጣሽልኝ» አሉ እናታችን፤ የቀረበውን ሳይቀምሱ ወጡ። በዚያው ሳምንት ከሲልቨር ስፕሪንግ ዕቃቸውን ይዘው አስፐን ሂል እኔ ቤት ገቡ። ምራታቸው ቤት ተመልሰው አልረገጡም።

ከተማው በበኩሉ የሚለውን አለ። «እናት ሆና የልጇን ፊት ጨከነችበት» ተባለ። «ፈረንጅ አያለቅስም» ተባለ፤ ቱርክ ፈረንጅ ይሁን አይሁን ያረጋገጠ ሳይኖር። እኔ ከዚያ ጊዜ እስከ ዕለተ ሞታቸው የማውቃቸው ወይዘሮ ሴቪም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሥዕላቸው እንዲወደድላቸው አልነበረም፤ ለልጃቸው ያዘኑት ሐዘን እንደ ሐዘን እንዲቆጠርላቸው፣ ይልቁንም በእናታችን ዘንድ፣ ይህን ብቻ ነበር። በየዓመት በዓሉ ስልክ ይደውላሉ። እናታችን ስልኩን ለእኔ ያቀብላሉ።

በ2016 አቶ ዓብዩና አቶ መስፍን ሽማግሌ ሆነው ገቡ። መጀመሪያ ወደ ወይዘሮ ሴቪም ሄዱ። አቶ መስፍን ነገር ማቅለል ስለሚወዱ «አንቺ ደግሞ ከፎቶ ኮፒ አድርጊላቸውና ይለፍ፣ ማን ያይብሻል?» አሏቸው። ያን ጊዜ ነው ወይዘሮ ሴቪም የኦርሃንን ፎቶ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽማግሌ የተናገሩት። ሽማግሌዎቹም ነገሩን ተሸክመው አስፐን ሂል መጡና ለእናታችን አንድ በአንድ አስረዷቸው። እናታችን እስከ መጨረሻው አዳምጠው «የእሷ እናት ረስታ ይሆናል። እኔ ያዘልኩትን ልጅ እንዴት ነው የምረሳው? የደከመው ዓይኔ ነው፤ ፎቶው አልታይ ስላለኝ ነው የለመንኳት» አሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ለእንዲህ ያለው ሽማግሌ መፍትሔ የለውም፤ ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

ወንድሜ ንጉሡ በእናትና በሚስት መካከል ሆነው፣ ለአንዳቸውም ሳያዳሉ፣ ከሁለቱም እየተቆጡ ኖረው በ2019 በኩላሊት ሕመም ዐረፉ። በልቅሶ ቤቱ ፍራሽ በሁለት ማዕዘን ተነጠፈ፤ እናት በአንዱ፣ ሚስት በሌላው። ልቅሶ ደራሹ አንዷን «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ፣ ተነሥቶ፣ ክፍሉን አቋርጦ ሌላኛዋን «እግዜር ያጥናሽ» ይላል። አንዳቸው ሲያለቅሱ ሌላኛቸው ዝም ይላሉ። ሦስት ቀን እንዲያ ሆነ። ከዚያ የከፋ ነገር በሕይወቴ አላየሁም፤ ወንድሜን የቀበርኩበትን ቀን ጭምር።

ወይዘሮ ሴቪም ከሲራክ ሞት በኋላ ከእሱ ሌላ አልሣሉም። አንዱን ሸራ ጨርሰው ሌላ ይጀምራሉ፤ ሁሉም በር በር ያህላሉ፣ የሁሉም ስም «ሲራክ» ነው፣ ስሙም ከጀርባ በራሳቸው እጅ በአማርኛ ተጽፏል። አንዱ ሰማያዊ ነው፣ አንዱ የተቃጠለ ቡና ይመስላል፣ አንዱ ሊታይ የማይችል ነጭ ነው። በ2022 አንድ የዲሲ ጋለሪ ሁሉንም ሰብስቦ አሳየ። ኤፍራታ መክፈቻው ላይ በእንግሊዝኛ ንግግር አድርጋ ስትጨርስ ወደ እኔ መጥታ «አንክል፣ ሺ ኢዝ ኖት ኢቭን ሊስኒንግ፣ በሩን ብቻ ነው የምታየው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከቱርክ ኤምባሲ ሰው መጥቷል፣ ጋዜጣ መጥቷል፣ አንድ የማናውቀው ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነጩ ሥዕል ፊት ቆሞ ያለቅሳል፤ ወይዘሮ ሴቪም የሚያዩት በሩን ነበር። እናታችን በዚያ ምሽት ጉልበቴን አሞኛል ብለው ቤት ቀርተዋል።

ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ሐኪሞቹ ሳምባቸው መድረቁን፣ ምክንያቱም ለዓመታት የተነፈሱት የቀለም ብናኝ ሳይሆን እንደማይቀር ነገሯቸው። ኤፍራታ «ማስክ አድርጊ ስልሽ!» ብላ ስትጮህባቸው «ማስክ አድርጌ ቀለሙን በምን አሸተዋለሁ?» ብለው መለሱላት። ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ ተደርጎ እንኳ ሁለት ጊዜ አሌክሳንድሪያ ውሰደኝ ብለውኝ ወስጃቸዋለሁ። በሦስተኛው ጊዜ ደረጃውን መውጣት አልቻሉም።

የመጨረሻ ሕመምተኛን የሚያስታምመው ሆስፒስ ወደ ቤት መምጣት ሲጀምር ለእናታችን ነገርኳቸው። በማግሥቱ አንድ ሣህን በፎይል ሸፍነው «ይህን አድርስላት፣ ማን ላከው እንዳትል» አሉኝ፤ ዶልማ ነበር። ወይዘሮ ሴቪም በዚያ ጊዜ ምግብ አይወርድላቸውም። አንዱን አንሥተው እያገላበጡ ካዩት በኋላ «እማማ ናቸው፤ እንዲህ አጥብቆ የሚጠቀልል ሌላ ሰው የለም» አሉ። «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ፤ እናታችን ቃል አልላኩም። ዋሽቼ አንድ ነገር ብላቸው ይገባቸዋልና ፎይሉን ማጣጠፍ ጀመርኩ። ዶልማውን ሣህኑ ላይ መለሱት።

ወይዘሮ ሴቪም ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው፣ ልጃቸው ኤፍራታ እጃቸውን እንደያዘች፣ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ስላልተጠመቁ ፍትሐት አይደረግላቸውም፤ እስላምም ሆነው ለመቀበር አልጠየቁም። የለመኑት ከባለቤታቸውና ከልጃቸው አጠገብ መቀበር ብቻ ነው፤ ቦታው ተገኝቷል። ቄሶቻችን እንደ ጎረቤት መጥተው በዚህ ፊውነራል ሆም ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል፤ እናመሰግናቸዋለን። በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ ፎቶ የሌለው ማተሚያ ቤቱ ረስቶት አይደለም። ኤፍራታ «ኖ ፎቶ፣ ፕሊስ፤ ማሚ ፕሮሚስ አስገብታኛለች» ብላ ስላስከለከለችን ነው።

ይህን ጽሑፍ ሐሙስ ጠዋት ስጨርስ እናታችን ወጥ ቤት መጥተው «አንብብልኝ» አሉኝ። እየፈራሁ አነበብኩላቸው፤ ስለ እሳቸው የጻፍኩትን ክፉ ክፉውንም አልዘለልኩም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሥዕሉ በተገለጠበት ቦታ ላይ ብቻ አስቁመውኝ «ቶሎ አልፈረድኩም፤ ብዙ ፈልጌዋለሁ፣ እሱን ጻፍልኝ» አሉ። ጽፌላቸዋለሁ፤ ቀደም ብላችሁ ሰምታችሁታል። መጨረሻ ላይ በሕይወት ያሉ ቤተ ዘመዶች ዘንድ ደርሼ «አማታቸውን ወይዘሮ ሸዋዓለምን» ብዬ ሳነብ «ሰርዘው» አሉኝ። ከወይዘሮ ሴቪም ስም ጋር ስማቸው እንዳይነሣ የፈለጉ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«እናቷ አገሯ የሞተች ጊዜ» አሉ፣ «መሄድ አልቻለችም፤ የወለደች ሰሞን ነው። ጭኔ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከእንግዲህ እናትሽ እኔ ነኝ አልኳት፤ በአፌ ነው ያልኳት። ልጇ ሲሞትባት ግን ተነሥቼ ሄድኩ። ሥዕሉ አሁንም ሲራክን አይመስለኝም፤ መስሏት ነበር ብለህ እንዳትዋሽልኝ። ነገር ግን ልጅ ያመጣችውን እናት ባትወደውም ትቀበላለች። እናቷ ብለህ ጻፈኝ።»

«አሁን እኮ አይሰሙም፣ እማማ» አልኳቸው። ለእናት የማይባል ነገር ነው፤ ግን ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ተናድጃለሁ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሰው ይስማ። ስሟን ያጠፋሁት ሰው ፊት ነው።»

ስለዚህ እንደ ታዘዝኩት አነባለሁ። ወይዘሮ ሴቪም ኦዝካን የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የአንዲት የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። በሕይወት የቀሩት ቤተ ዘመዶቻቸው ልጃቸው ኤፍራታ ንጉሡ፣ የልጃቸው ባለቤት ጊዲዮን፣ የልጅ ልጃቸው ኤልዳና፣ ዋርሳቸው እኔ ልሳነወርቅ፣ እና እናታቸው ወይዘሮ ሸዋዓለም ናቸው።

በሁለት እምነት መካከል የኖረችን ነፍስ ወዴት እንደሚያሳርፍ የሚያውቅ አምላክ፣ የወይዘሮ ሴቪምን ነፍስ ከንጉሡና ከሲራክ ጋር ያገናኝልን። እናታቸው ከፊተኛው ወንበር፣ በቀኝ በኩል ተቀምጠዋል። ስትወጡ እንደ አማት በሩቁ እጅ ነሥታችሁ አትለፏቸው፤ ጎንበስ ብላችሁ እግዜር ያጥናዎት በሏቸው፤ የሞተችባቸው ልጃቸው ናት።